«ፊት ለፊት» የሚለው ሐረግ ከሕገ መንግሥት ሲወጣ ምን ይለወጣል?

ጥቃት የደረሰባት የስድስት ዓመት ሕፃን ቃሏን የምትሰጠው ተከሳሹ በተቀመጠበት ችሎት ውስጥ ይሁን ወይስ በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ? በአሜሪካ ይህን የሚወስነው ዳኛው ወይም ሕግ አውጪው ብቻ አይደለም። ከአስር በሚበልጡ ግዛቶች ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን ሰዎች «ፊት ለፊት» የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ማሳቹሴትስ፣ ኢንዲያና፣ ኦሃዮ፣ ኬንታኪ፣ ቴነሲ፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስ፣ ኮሎራዶ፣ አሪዞናና ዋሺንግተን ግዛት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ይህን ሐረግ አውጥቶ ለሕፃናትና ለሌሎች ተጋላጭ ምስክሮች የተለየ የአመሰካከር ሥርዓት ለመፍቀድ የሚቀርበው የማሻሻያ ሐሳብም መነሻው እሱው ነው።

ሐሳቡ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ መልክ ይይዛል። ደጋፊዎቹ «ልጆች ደፋሪያቸውን እያዩ ከመመስከር ይድናሉ» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ንጹሕ ሰው ከሳሹን ሳያይ ሊፈረድበት ነው» ብለው ያስጠነቅቃሉ። ሁለቱም አጋነዋል። በሩ ላይ የተንጠለጠሉት ቁልፎች ሁለት ሲሆኑ የግዛት ማሻሻያ የሚከፍተው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላው በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እጅ ነው፣ የትኛውም ግዛት ሊነካው አይችልም። ልጅቷ በተለየ ክፍል መመስከር አለመመስከሯን በተግባር የሚወስነው ከምርጫው በኋላ የሚወጣው ዝርዝር ሕግና ዳኛው ከክርክሩ በፊት የሚያካሂደው አጭር ችሎት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፌዴራሉ ወለል

በ1791 የጸደቀው 6ኛው ማሻሻያ በወንጀል የተከሰሰ ሰው ከሚመሰክሩበት ጋር የመጋፈጥ መብት አለው ይላል። «ፊት ለፊት» የሚል ቃል የለበትም። ከ1965 ጀምሮ ይህ መብት በግዛት ፍርድ ቤቶችም ላይ ግዴታ ሆኗል። ግዛቶች ከዚያ በላይ ጥበቃ መጨመር ይችላሉ፣ ከዚያ በታች መውረድ ግን አይችሉም።

ወለሉ የት እንደሆነ የታወቀው በሁለት መዝገቦች ነው። የመጀመሪያው በ1988 የተወሰነው የኮይና የአዮዋ ግዛት ጉዳይ ነው። ሁለት የ13 ዓመት ልጃገረዶች ሲመሰክሩ በእነሱና በተከሳሹ መካከል መከለያ ቆመ። መብራቱም ከተስተካከለ በኋላ ተከሳሹ ልጆቹን በደብዛዛው ያያቸው ነበር፣ እነሱ ግን ጭራሽ አያዩትም። የአዮዋ ሕግ «ልጅ ተከሳሽን እያየ ሲመሰክር ይጎዳል» የሚል ጥቅል ግምት ወስዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቅል ግምት አይበቃም፣ እነዚህ ሁለት ልጆች በተለይ ይህ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው ያረጋገጠ የለም ብሎ ሻረው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሜሪላንድና የክሬግ ጉዳይ መጣ፤ በ5 ለ4 ድምፅ ነበር የተወሰነው። በሜሪላንድ ሥርዓት ልጁ፣ ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው ወደ ሌላ ክፍል ይገባሉ። ዳኛው፣ ጁሪው (ጥፋተኝነትን የሚወስነው የተራ ዜጎች ቡድን) እና ተከሳሹ በችሎት ቀርተው ምስክርነቱን በቴሌቪዥን ይከታተላሉ፤ ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር የሚነጋገርበት መስመር አለው። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የጻፉት የአብላጫው ውሳኔ ይህ ይፈቀዳል ሲል ዳኛው አስቀድሞ በማስረጃ የሚያረጋግጣቸውን ሦስት ነገሮች አስቀመጠ። ሥርዓቱ ለዚህ ለተወሰነው ልጅ ደኅንነት አስፈላጊ መሆን አለበት። ልጁን የሚያስጨንቀው የችሎቱ ድባብ ሳይሆን የተከሳሹ መኖር መሆን አለበት። ጭንቀቱም ማንም ምስክር ከሚሰማው መጠነኛ ፍርሃት የዘለለ ይሁን። ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በተቃውሞ ሐሳባቸው ሕገ መንግሥቱ ይህን ዓይነት ሚዛን አያውቅም ብለው ጻፉ፤ ተቃውሟቸውን የተቀላቀሉት ሊበራል የሚባሉት ዳኞች ብሬናን፣ ማርሻልና ስቲቨንስ መሆናቸው ጉዳዩ በተለመደው የፖለቲካ መስመር እንደማይከፈል ያሳያል።

ሕግ አውጪዎች ደጋግመው የሚሰናከሉት በመጀመሪያው መስፈርት ላይ ነው። «ዕድሜው ከዚህ በታች የሆነ ልጅ በሙሉ ከመከለያ ጀርባ የመመስከር መብት አለው» ብሎ መጻፍ ይቀላል፣ ለመራጭም ደስ ይላል። ሚሲሲፒ ለልጅ ምስክሮች መከለያን እንደ መብት የሚሰጥ ሕግ ነበራት። አንድ ዳኛ ሕጉ ያስገድደኛል ብሎ ስለ ልጅቷ የተለየ ማስረጃ ሳይሰማ መከለያ አቆመ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 መጨረሻ በፒትስና በሚሲሲፒ ጉዳይ ቃል ክርክር እንኳ ሳያስፈልገው ውሳኔውን ሻረ፤ የግዛት ሕግ «ይደረጋል» ማለቱ የዳኛውን የተናጠል ማጣራት አይተካም አለ። የግዛት ሕገ መንግሥት ውስጥ «ይደረጋል» ቢጻፍም መልሱ ያው ነው።

ፔንሲልቬንያ፦ አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ማሻሻያ

ጉዳዩን ከነስህተቱ ለማየት ከፔንሲልቬንያ የተሻለ ቦታ የለም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 9 ተከሳሽ ምስክሮቹን «ፊት ለፊት» ያገኛል ይል ነበር። በ1991 በሉድዊግ መዝገብ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት ሕፃን በአንድ አቅጣጫ ሲሲቲቪ (የእሷን ምስል ወደ ችሎቱ የሚያስተላልፍ፣ ተከሳሹን ግን ለእሷ የማያሳይ የቴሌቪዥን መስመር) የሰጠችው ምስክርነት ይህን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። የክሬግ ውሳኔ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ነገር ግን የግዛቱ ዳኞች የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት «መጋፈጥ» ሲል የእኛው «ፊት ለፊት» ይላል፣ ቃሉ ግልጽ ነው፣ ቴሌቪዥን ፊት አይደለም አሉ።

ሕግ አውጪው ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ተነሣ። በፔንሲልቬንያ አንድ የማሻሻያ ሐሳብ በተመሳሳይ ቃል በሁለት ተከታታይ የምክር ቤት ዘመኖች መጽደቅ አለበት፤ በየካውንቲው ጋዜጣ ይታወጃል፤ ከዚያ ለሕዝብ ቀርቦ ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃዋል። በኅዳር 1995 መራጮች አጸደቁት። የድምፅ መስጫው ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጥያቄ አጣምሮ ነበር። አንደኛው ክፍል 9ን ከ«ፊት ለፊት» ወደ «መጋፈጥ» የሚለውጥ ነው። ሁለተኛው በአንቀጽ 5 ክፍል 10 ላይ የችሎት ሥነ ሥርዓት ደንብ የማውጣት ሥልጣን ካለው ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀንሶ፣ የሕፃናትን በቪዲዮና በሲሲቲቪ መመስከር በሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለምክር ቤቱ የሚሰጥ ነው። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከአንድ በላይ ማሻሻያ ሲቀርብ ለየብቻ ድምፅ ይሰጥበታል ይላል።

በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በበርግዶልና በኬን ጉዳይ ድምፁን ከንቱ አደረገው። አንድ ሰው የልጆችን ጥበቃ ደግፎ የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ግን አይነካ ሊል ይችላል፣ የተጣመረው ጥያቄ ይህን ምርጫ ነፍጎታል የሚል ነበር ምክንያቱ። የማሻሻያው ይዘት አልተነካም፤ የወደቀው በአጻጻፉ ነው። ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ተጀምሮ በኅዳር 2003 ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ቀረቡ፣ ሁለቱም አለፉ። ከሉድዊግ ውሳኔ እስከዚያ ቀን አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በመጀመሪያው ፍርድ ጊዜ ምስክር የነበረች ሕፃን አዋቂ ሆናለች ማለት ነው።

ኢሊኖይ በአንጻሩ በጥቂት ወራት ጨረሰችው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፊትዝፓትሪክ መዝገብ የሕፃናት ጥበቃ ሕጉን በየካቲት 1994 ሻረ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር መራጮች «ፊት ለፊት» የሚለውን ሐረግ አወጡ። ያም ሆኖ ችግሩ አላለቀም። በሎፍተን መዝገብ አንድ ዳኛ በሕጉ የተቀመጠውን ሥርዓት ትቶ፣ የጠበቆች መናገሪያ አትሮንሶችን ደርድሮ ተከሳሹ ልጅቷን እንዳያያት አደረገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ሻረው። ሐረጉ መውጣቱ ለዳኛ የፈለገውን የመፍጠር ፈቃድ አልሰጠውም።

ሁሉም ግዛት ወደ ሕዝብ ድምፅ አልሄደም። ኬንታኪና ኦሃዮ ያንኑ ሐረግ እንደያዙ ፍርድ ቤቶቻቸው ሲሲቲቪን ፈቅደዋል፤ ሐረጉ የመብቱን ዓላማ ይገልጻል እንጂ እያንዳንዷን የመቀመጫ ቦታ አይወስንም ብለው። ኢንዲያና ደግሞ በ1991 በብሬዲ መዝገብ ሐረጉን አጥብቃ ብትይዝም ሕግ አውጪው ቴክኖሎጂውን ለወጠ፤ ስርጭቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን፣ ልጁም ተከሳሹን በስክሪን ይየው አለ። ማሳቹሴትስ በጥብቅነቷ ጫፍ ላይ ናት። በ1997 በአሚሮልት መዝገብ ልጆቹ በዚያው ችሎት ውስጥ፣ ተከሳሾቹ ባሉበት ነበር የመሰከሩት፤ ነገር ግን ፊታቸው ወደ ጁሪው ዞሮ ለተከሳሾቹ የሚታየው ጎናቸው ነበር። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ እንኳ «ፊት ለፊት» አይደለም ብሏል፤ ቅጣቱን ያጸናው በሌላ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማሻሻያ በቀረበበት ግዛት ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የግዛቱ ፍርድ ቤት ሐረጉን እንዴት እንደተረጎመው መሆን አለበት። የኬንታኪ ዓይነት ትርጉም ባለበት ቦታ ማሻሻያው የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው።

አስቀድሞ የሚካሄደው ችሎት

ማሻሻያው አልፎ ዝርዝር ሕጉ ወጣ እንበል። ዐቃቤ ሕጉ ከክርክሩ በፊት ማመልከቻ ያስገባል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕጉ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ይላል። ከዚያ ዳኛው ማስረጃ ይሰማል። በፔንሲልቬንያ ሕግ ዳኛው ማረጋገጥ ያለበት ልጁ ተከሳሹ ባለበት ቢመሰክር ከባድ የስሜት ጭንቀት እንደሚደርስበትና ይህም ሐሳቡን የመግለጽ አቅሙን በእጅጉ እንደሚጎዳው ነው። ዳኛው ልጁን ራሱ ሊያይና ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ጠበቆች ይገኛሉ፣ ተከሳሹ ግን አይገባም። ወይም ወላጅን፣ አሳዳጊን፣ ልጁን ያከመን ባለሙያ ይሰማል፤ ያኔ ተከሳሹም ይቀመጣል።

ጉዳዮች የሚበላሹት እዚህ ነው። እናት ቀርባ «ልጄ ፍርድ ቤት ትፈራለች፣ ማታ ማታ አትተኛም» ትላለች። ይህ ስለ ተከሳሹ ምንም አይናገርም። ልጅቷ የምትፈራው ትልቁን ክፍል፣ ጥቁር ካባ የለበሰውን ዳኛና አሥራ ሁለት የማታውቃቸውን ሰዎች ከሆነ መፍትሔው ቀድሞ ችሎቱን ማስጎብኘት፣ እረፍት ማብዛት ወይም ታዳሚውን መቀነስ ነው፤ ተከሳሹን ከፊቷ ማራቅ አይደለም። ጥያቄው ጠባብና ተከታታይ መሆን አለበት፦ ስሙ ሲነሣ ምን ታደርጋለች? ፎቶውን ስታይስ? ከእሱ ውጪ ባሉ እንግዳ ሰዎች ፊት ስለተፈጸመው ነገር ተናግራ ታውቃለች? ከተናገረች ምን ያህል ተረጋግታ? በሕክምና ክፍለ ጊዜ ስሙ ሲጠራ ዝም የምትል፣ ሌላ ጊዜ ግን የምትጫወት ልጅ መሆኗን የምታስረዳ አንዲት አማካሪ ከሦስት ጥቅል የሥነ ልቦና ሪፖርቶች ትበልጣለች።

ሌላው ተደጋጋሚ ጉድለት የጊዜ ነው። ማስረጃው ከስምንት ወር በፊት የተሰማ ሲሆን ክርክሩ ሲደርስ ልጁ አድጓል፣ ታክሟል፣ ምናልባትም በሌላ ችሎት መስክሯል። ጥሩ ተከላካይ ጠበቃ ይህን ይዞ እንደገና ይጣራልኝ ይላል። ዳኛው ደግሞ ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ ገልብጦ «አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ ብቻ ከፈረመ ይግባኝ ሰሚው የሚይዘው ነገር የለም። የሚፈለገው የትኛውን ምስክር እንዳመነ፣ የትኛው እውነታ እንዳሳመነው፣ ቀለል ያሉት አማራጮች ለምን እንዳልበቁ በመዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይህ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ግማሹ ገጽ ሲጠፋ ግን ፍርዱ ሊሻር፣ ልጁም ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊጠራ ይችላል፤ ጥበቃ ይደረግለት የተባለው ልጅ ሁለት ጊዜ ይመሰክራል ማለት ነው።

ካሜራው፣ ክፍሉና ጁሪው

የፌዴራሉ ሕግ የሁለት አቅጣጫ ስርጭትን መርጧል። የልጁ ምስልና ድምፅ ወደ ችሎቱ ይሄዳል፤ የተከሳሹ ምስልና የዳኛው ድምፅ ወደ ልጁ ክፍል ይመጣል። ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው ልጁ ጋ ናቸው፣ ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር ወዲያውኑ በምስጢር የሚነጋገርበት መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። ከልጁ ጋር አንድ ደጋፊ አዋቂ ሊቀመጥ፣ እጁን ሊይዘው ይችላል፤ መልስ ማቀበል ግን ክልክል ነው።

ይህ የመጨረሻው ክልከላ ካሜራው ምን ያሳያል የሚለውን ጥያቄ ያመጣል። የልጁን ፊት ብቻ አጥብቆ የሚይዝ ካሜራ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ወይም እጁን ሲጨብጥ አያሳይም። ስለዚህ ተከላካይ ጠበቆች ክፍሉን በሙሉ የሚያሳይ ሁለተኛ ካሜራ ይጠይቃሉ፣ መጠየቃቸውም ልክ ነው። የምስጢር መስመሩም የይስሙላ ሲሆን ይታያል። ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ በሚያቀርብበት ሰዓት ጆሮው ላይ የሚንሾካሾክ ድምፅ ጥያቄውን ያቋርጥበታል፤ የተሻለው ከዋናው ጥያቄ በኋላና መስቀለኛው ሊያልቅ ሲል እረፍት ወስዶ ከደንበኛው ጋር ፊት ለፊት መምከር ነው። ይህ በትእዛዙ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ በችሎቱ ጥድፊያ ይረሳል። ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ የልጁ ዝምታ ማመንታት ይሁን የመስመር ችግር ጁሪው መለየት ያቅተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተከሳሹ ጠበቃ ሳይፈልግ ራሱ ሲከራከር ነው። ጥያቄ ጠያቂው ልጁ ክፍል ይገባል ካልን እሱ ራሱ ሊገባ ነው። አንዳንድ ሕጎች ሥርዓቱ ለእንዲህ ዓይነት ተከሳሽ አይሠራም ይላሉ፤ ሌሎች ጥያቄውን በረዳት ጠበቃ በኩል እንዲያቀርብ ያደርጋሉ። ማሻሻያውን የሚያረቅ ሰው ይህን ከዘለለ የመጀመሪያው መዝገብ ላይ ይጋፈጠዋል።

የሚገርመው፣ ብዙ ልምድ ያላቸው ዐቃቤ ሕጎች ሲሲቲቪን ሲፈቀድላቸው እንኳ ወዲያው አይጠቀሙበትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጌይል ጉድማንና የሥራ ባልደረቦቿ በ1998 ባሳተሙት የማስመሰያ ችሎት ጥናት በሲሲቲቪ የመሰከሩ ሕፃናት በአሳሳች ጥያቄ የመሳታቸው ነገር ቀነሰ፤ ጁሪ ሆነው የተቀመጡት ሰዎች ግን በስክሪን ያዩዋቸውን ልጆች ያነሰ አመኗቸው። «ካሜራ የተከሳሹን ዕድል ያጠፋል» ለሚለው ስጋትም «ካሜራ ፍትሕን ያመጣል» ለሚለው ተስፋም ይህ ውጤት አይመችም።

የተቀዳ ቃል ሌላ ጉዳይ ነው

በምርጫ ቅስቀሳ ላይ አብዝቶ የሚምታታው ይህ ነው። ልጁ በሕፃናት ጥበቃ ማዕከል ለሠለጠነ ጠያቂ የሰጠው ቪዲዮ ቃል በቀጥታ ለጁሪ ይታይ የሚለው ሐሳብ ከሲሲቲቪ ጋር አይገናኝም። ከ2004ቱ የክሮፎርድ ውሳኔ ወዲህ ለክስ ተብሎ ከችሎት ውጪ የተሰጠ ቃል የሚቀርበው ምስክሩ ራሱ ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ከቀረበለት፣ ወይም መቅረብ ካልቻለና ተከሳሹ ቀድሞ የመጠየቅ ዕድል ካገኘ ብቻ ነው። በ2015 በኦሃዮና በክላርክ ጉዳይ የሦስት ዓመት ልጅ ለመምህሩ የተናገረው ተቀባይነት አግኝቷል፤ መምህሩ ልጁን ለማዳን እንጂ ማስረጃ ለማሰባሰብ አልጠየቀምና። ለመርማሪ የተሰጠ ቃል ግን በዚያ በር አያልፍም። የትኛውም የግዛት ማሻሻያ ይህን አይለውጥም።

ሌሎች አገሮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በእስራኤል ከ1955 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ከ14 ዓመት በታች የሆነን ልጅ የሚጠይቀው ልዩ የሕፃናት መርማሪ ነው፤ መርማሪው ልጁ እንዳይመሰክር ከወሰነ ራሱ በልጁ ፋንታ ቀርቦ ያስረዳል። ተከሳሹ ልጁን ጭራሽ ላይጠይቀው ይችላል፤ በምትኩ ሕጉ ደጋፊ ማስረጃ ሳይኖር በዚያ ቃል ብቻ መፍረድን ይከለክላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥርዓት ክሮፎርድን አያልፍም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(4) ደግሞ ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ይሰጣል እንጂ «ፊት ለፊት» አይልም። ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጆች በተለየ ክፍል ሆነው በሲሲቲቪ የሚመሰክሩበት ለሕፃናት ምቹ ችሎት የተቋቋመው ሕገ መንግሥት መለወጥ ሳያስፈልግ ነው።

«ተጋላጭ» የሚባለው ማን ነው?

የቆዩት ማሻሻያዎች ስለ ሕፃናት ነበሩ። አዳዲሶቹ ሐሳቦች ግን አእምሯዊ የዕድገት ውስንነት ያለባቸውን፣ አረጋውያንን፣ አልፎ አልፎም የሰው ንግድ ሰለባዎችን ይጨምራሉ። ክሬግ የተወሰነው በጥቃት ሰለባ ሕፃናት ላይ ነው፤ ወደ አዋቂዎች ሲዘረጋ የፌዴራል ድጋፉ ይሳሳል። የአእምሮ ዕድሜው የአምስት ዓመት ልጅ የሆነ የ30 ዓመት ሰው ጉዳይ ለክሬግ ቅርብ ነው። የ70 ዓመት ሴት ግን ዕድሜዋ ብቻውን ስለ ፍርሃቷ ምንም አይናገርም። በእኛ አመለካከት ማሻሻያ ሰፊ ዝርዝር ከሚያስገባ ይልቅ ጠባብ ሆኖ በማጣራቱ ላይ ቢበረታ ይሻላል፤ ሰፊው ዝርዝር የሚወድቀው በጣም ደካማ በሆነው ምሳሌ ነውና።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በቅስቀሳው የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ልጁ በእንግሊዝኛ እየመሰከረ ተከሳሹ አማርኛ ብቻ ሲሰማ አስተርጓሚው ከተከሳሹ አጠገብ ችሎት ውስጥ ነው፣ ጠበቃው ግን ሌላ ክፍል። የምስጢር መስመሩ ከተከሳሽ ወደ ጠበቃ በአስተርጓሚ በኩል ያልፋል፤ አስተርጓሚው በዚያው ሰዓት የልጁን ቃል እያስተረጎመ ነው። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊሠራ አይችልም። መፍትሔው ሁለት አስተርጓሚ መጠየቅ ነው፤ አንዱ ለችሎቱ፣ አንዱ ለተከሳሽና ለጠበቃው ምክክር። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም ሲሲቲቪው ሲፈቀድ እንጂ በክርክሩ ዕለት ጠዋት አይደለም።

ድምፅ መስጫውን ሲያነቡ

በወረቀቱ ላይ የሚታየው ማጠቃለያ ነው፤ ሙሉው ቃል በግዛቱ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። እዚያ የሚታየው መጀመሪያ ምን እንደተሰረዘና በምን እንደተተካ ነው። «ፊት ለፊት» ወጥቶ «መጋፈጥ» ከገባ ግዛቱ ወደ ፌዴራሉ ወለል ወረደ ማለት ነው፤ ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ምስክር፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያም ለፖሊስም ጭምር። ሐረጉ ሳይነካ «ሆኖም ስለ ሕፃናት ምስክሮች» የሚል ልዩ ሁኔታ ከተጨመረ ግን ለውጡ ጠባብ ነው፣ ለሌሎች ተከሳሾች የቆየው ጥበቃ ይቀጥላል። በእነዚህ በሁለቱ አጻጻፎች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ማጠቃለያው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ልጆችን ለመጠበቅ» ብሎ ያልፋቸዋል። ቀጥሎ ሥልጣኑ ለማን እንደተሰጠ ይታያል፤ ለምክር ቤቱ ከሆነ የፔንሲልቬንያ ዓይነት የሥልጣን ክርክር ይከተላል፣ ጥያቄው አንድ ሆኖ ቀርቦ እንደሆነም ማየት ነው።

የዕድሜ ጣሪያው፣ የማስረጃው ዓይነት፣ የካሜራው አቅጣጫ፣ ራሱን የሚከራከር ተከሳሽ ጉዳይ ግን በማሻሻያው ውስጥ አይገኙም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ መራጮች በኅዳር 2003 «አዎ» ካሉ በኋላ ዝርዝሩ የተጻፈው በ2004 ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ነው፤ ዛሬም ዳኛው ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው እሱን ነው። በእነዚህ ነጥቦች ላይ ሐሳብ ያለው ሰው ረቂቁ በምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት የሚሆንበትን ቀን መጠበቅና በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ በዚያ ቀን አዳራሹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።